ምርጥ አሥራ አንድ አውጡ አትበሉን

ታከተን። ሻያችንን ጠጥተን፣ ኳሳችንን አይተን፣ በጊዜ ወደየቤታችን ከመግባት በቀር ሌላ ፍላጎት የሌለን የአሰላ ሰዎች ታከተን። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ እያለ፣ መብራቱ ሄደ መጣ እያለ፣ የቅቤው ዋጋ እያለ፣ በዚህ ሁሉ ላይ በየማታው አንድ ሰው ይነሣና «ለመሆኑ የብሔራዊ ቡድናችን የምንጊዜም ምርጥ ተጫዋች ማን ነው?» ይለናል። ማን ጠየቀህ? ማንም አልጠየቀውም። ጠያቂው እሱ፣ መላሹ እሱ፣ የሚጮኸው እሱ፣ ጆሮው የሚደነቁረው እኛ።

ጊዜ አመራረጡ ደግሞ! ሒሳብ ከፍለን ልንነሣ ስንል ይጠይቃል። ዲ ኤስ ቲቪ ቤት መግቢያ ከፍለን፣ አግዳሚው ላይ ተጣበን፣ ጉልበታችን የፊተኛውን ሰው ጀርባ እየወጋ አንደኛውን አጋማሽ እንደ ምንም ጨርሰን ዕረፍት ሲወጡ ይጠይቃል። ዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ክርክሩ ግን ሁለተኛውን አጋማሽም ይበላል። ጎል መግባቱን የምናውቀው ከጎረቤት ዲ ኤስ ቲቪ ቤት በሚሰማው ጩኸት ነው። ሚኒባስ ውስጥም ይጠይቃል። ከአዳማ ስንመለስ ዴራ ላይ የተነሣ ክርክር ኢተያን አልፎ፣ ጎንዴን አልፎ፣ አሰላ መናኸሪያ ስንደርስ ገና ከ1954ቱ ቡድን የግራ ክንፍ አልወጣም። አንዱ ቁሉምሳ ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ ከወረደ በኋላ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ሉቺያኖን ግን እንዳትነኩ!» እያለ ማብራራት ጀመረ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀው። እኛም ጠበቅነው። ለቅሶ ቤት እንኳ አልቀረልንም፤ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት በሹክሹክታ ይጀምሩና ሹክሹክታው ከፍ ከፍ ሲል ሟችን ያስቀይማል።

የምንስማማበት ነገር አለ፤ አጭር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ተክሌ ኪዳኔ አንድ፣ ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት። አምበሉ የኢታሎ ወንድም ሉቺያኖ፣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ዋንጫውን የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ። እዚህ ድረስ የሚጣላ የለም። ከዚያ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ ስላላነሣን የምንስማማበት ነገር አልተጨመረም።

መከራው የሚጀምረው «እናንተ ምን አይታችሁ!» ከተባለ በኋላ ነው። ይህን የሚሉንን አባቶች እንወዳቸዋለን፤ እናከብራቸዋለን፤ ሲመጡ ተነሥተን ወንበር እንለቃለን። ግን እነሱስ ምን አይተው? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ነው፤ ዋንጫው ከተበላ በኋላ። ስለዚህ ያን ጨዋታ በዓይኑ ያየ ሰው ስታዲየም የገባ ብቻ ነው። የኛ ከተማ ሰው ግን ሁሉም ገብቷል። የሚነግሩንን ካመንን ያን ዕለት አሰላ ባዶዋን ውላለች፤ ከብት የሚያግድ እንኳ አልነበረም። ነበርን ከሚሉት ውስጥ ያን ጊዜ ያልተወለዱም አሉ። አንዱን በትሕትና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የ56 ልጅ ነኝ ሲሉ ሰምተናል» ብንላቸው «አባቴ ነበሩ፤ ያው ነው» አሉን። ያው ነው!

ጎሉን የሚያሳዩን በቆርኪ ነው። የአምቦ ውኃ ቆርኪ መንግሥቱ ወርቁ ይሆናል፤ የለስላሳ ቆርኪዎች ግብፆች ይሆናሉ፤ የስኳሩ ዕቃ ግቡ ነው። አምቦው አንዱን ለስላሳ ያልፋል፣ ሁለተኛውን ያልፋል፣ ዞር ብሎ የመጀመሪያውን እንደገና ያልፈዋል። የሚታለፈው ለስላሳ ቁጥር በየማታው ይጨምራል። በቀደም ስድስተኛውን አልፎ ሊመታ ሲል አስተናጋጇ መጣችና ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠርጋ መንግሥቱን ከነተከላካዮቹ ይዛቸው ሄደች። «ምነው አንቺ ልጅ! ሊያገባ ሲል!» ብለው ጮኹባት። «ስድስት ሻይ፣ አንድ አምቦ» አለቻቸው፤ ሒሳቡን ነው።

የሉቺያኖ ጉዳይ ብቻውን አንድ ምሽት ይፈጃል። አሥመራ ተወልዶ ለጥጥ ማኅበር የተጫወተ፣ ከመሐል ሜዳ እየተነሣ የሚያገባ፣ የዋንጫው አምበል። ይህ አይበቃም? አይበቃም። አንዱ «ጣሊያን ነው» ይላል፤ ሌላው «ኤርትራዊ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ለኢትዮጵያ ነው የተጫወተው፣ ምን አገባችሁ!» ይላል፤ ከዚያ ስለ ኳስ የሚያወራ ይጠፋና ስለ ፌዴሬሽን ይወራል፤ የእግር ኳሱ ፌዴሬሽን እንዳይመስላችሁ። ሻያችን ቀዝቅዞ፣ ተሞቆ፣ እንደገና ቀዝቅዞ ነው የምንጠጣው።

ነገሩ እንዲህ የሚከፋው የተጻፈ ነገር እጃችን ላይ ስለሌለ ነው። አንጀታችን የሚያርረውም እዚህ ላይ ነው። ስለ አርሰናል ጠይቁን እስቲ! ቴሪ ሄንሪ ለአርሰናል ስንት አገባ? 228። ሳይሸነፉ ስንት የሊግ ጨዋታ ሄዱ? 49። ሩኒ ለማንቸስተር ዩናይትድስ? 253። ይህን የሚመልስልን በር ላይ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ያውም ብር እየመለሰ። ጎሎቹን ከፈለግን በቀኝ እግር፣ በግራ እግር፣ በጭንቅላት ለይቶ በስልኩ ያሳየናል። መንግሥቱ ወርቁ ለኢትዮጵያ ስንት አገባ? ዝም። ከዚያ አምስት ሰው በአንድ አፍ አምስት ቁጥር ይጠራል። ሉቺያኖስ? ሌላ አምስት ቁጥር። የወዳጅነት ጨዋታ ይቆጠራል አይቆጠርም? ከእንግዳ ክለብ ጋር የተደረገውስ? ዝናብ ያቋረጠውስ? በመጨረሻ የሚረታው ጉሮሮ ያለው ነው። የለንደኑን ሰውዬ ጎል አንድ በአንድ እናውቃለን፤ የራሳችንን ሰው ጎል በጩኸት እንመድባለን።

መካከል ላይ ያሉትን ደግሞ ስሟቸው። ለነሱ ኳስ የተፈጠረው በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትተን የሴካፋን ዋንጫ የወሰድን ዕለት ነው። ሙሉጌታ ከበደ ይላሉ፤ ገብረመድኅን ኃይሌ ይላሉ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ቀስ ብለን ስናጣራቸው ግን ጆሯቸው ላይ የቀረው የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ኳሷ የት እንደነበረች ጠይቋቸው፣ አያውቁም፤ ደምሴ ያን ጊዜ ምን እንዳለ ጠይቋቸው፣ በቃላቸው ይወጡታል። አንዱ እንዲያውም ምርጥ አሥራ አንዱን ሲያወጣ ደምሴን አማካይ አድርጎ አስገባው። አልተቃወምንም። ከገቡት ከብዙዎቹ ይሻላል።

ክለብ የገባበት ምርጫማ አያድርስ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ በሚያወጣው ቡድን ውስጥ የሌላ ክለብ ሰው ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ክለባችን በ1928 የተመሠረተ፣ መንግሥቱ የኛ፣ ይድነቃቸው የኛ፣ ይለናል። ይድነቃቸው ተሰማን ደግሞ የት እንደሚያቆማቸው ግራ ይገባዋል፤ አጥቂም ነበሩ፣ አሰልጣኝም ነበሩ፣ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትም ነበሩ። «በሁሉም ቦታ ይግቡ፤ የሚከለክላቸው ማን አለ?» ብሎ ገላገለን። የቡና ደጋፊውስ? አቡበከር ናስርን ይጠራና በ2013 በአንድ የውድድር ዘመን ያገባቸውን 29 ጎሎች ይዘረግፍብናል። እውነት ነው፤ የፕሪሚየር ሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ግን የተጠየቀው ስለ ብሔራዊ ቡድን ነው ብንለው «29!» ይላል። የቀድሞዎቹንም አስብ እንጂ ብንለው «29!» ይላል። ደህና እደር ብለነው ስንወጣ ከኋላችን «29!» ይላል።

«ቢኖር ኖሮ» የሚባለው ደግሞ አለ። መንግሥቱ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ባርሴሎና ይጫወት ነበር። ሳላዲን ሰይድ ያኔ ቢኖር ኖሮ በዚያ ከባድ ኳስና በዚያ ጫማ አንድ ጨዋታ አይጨርስም ነበር። ጌታነህ ከበደ ያኔ ቢኖር ኖሮ ግብፅ ላይ ሰባት ይገባ ነበር። ወደ ኋላ የተወሰደው ሰው ይወድቃል፣ ወደ ፊት የመጣው ሰው ይነግሣል፤ የሚጓጓዙበትን ታሪፍ የሚወስነው ተናጋሪው ነው።

ወደ ወጣቶቹ ስንመጣ እፎይ እንላለን ብለን ነበር፤ ቢያንስ ቴሌቪዥን አለ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰውን፣ ሰውነት ቢሻው ያሰለጠኑትን የ2005ቱን ቡድን ሁላችንም አይተነዋል። አጋጣሚው ይግረማችሁና የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ነው፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በ51 ዓመቱ። የጥምቀት ድካም ሳይወጣልን ደቡብ አፍሪካ ላይ ዋንጫውን ከያዘችው ከዛምቢያ ጋር ገጠምን። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። አንድ ገባብን። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያን ማታ አሰላ ውስጥ የማያውቁት ሰው ያልተቃቀፈ የለም።

ታዲያ ሁላችንም ያየነውን ሁላችንም አንድ ዓይነት የምናስታውሰው መስሏችኋል? ያቺ ጎል ከየት ተነሣች፣ ማን አቀበለ፣ በየትኛው እግር ተመታች በሚለው ብቻ ሁለት አብሮ አደጎች ተኳርፈው አንዱ ሻይ ቤት ቀይሯል። የሚገርመው ፊልሙ ስልካችን ላይ አለ። ቆሎ ሻጩ ልጅ «ልክፈተው?» ሲል «ተው አንተ ልጅ!» ብለው ከግራም ከቀኝም ተቆጡት። ማስረጃ የለም እያልን ስናለቅስ ኖረን፣ ማስረጃ ሲመጣ አታምጣው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋ ነው የምንውለው።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸን ግን የበረኛው ነገር ነው። ምርጥ አሥራ አንድ ብለው ይጀምሩና ስምንት አጥቂ ይደረድራሉ። ተከላካይስ ስንላቸው ጣሪያ ያያሉ። በረኛስ ስንላቸው ሻይ ያዛሉ። ያ የ1954 ቡድን እኮ በረኛ ነበረው፤ ጊላሚካኤል ተክለማርያም ይባላል። ስሙን ስንጠራ «እሱ ደግሞ ለየትኛው ክለብ ነው የሚያገባው?» ያለን ሰው አለ። 120 ደቂቃ ሙሉ እዚያ መረብ ሥር የቆመ ሰው በቆርኪ እንኳ አልተወከለም፤ በረኛው የስኳር ዕቃው ነው። የ2005ቱም በረኞች ዕጣ ይኸው ነው። ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪ አልቆብን አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ሊያድን ቆመ። አላዳነውም፤ ማን ይፈርድበታል? ይህን ስናነሣ ቤቱ ሁሉ በሣቅ ያልቃል። «እንግዲያው በረኛችን አዲስ ሕንፃ ይሁን» ተባለና በድምፅ ብልጫ አለፈ። ከዚያ በኋላ እንግዲህ የማን ምርጫ ትክክል እንደሆነ በቁም ነገር ቀጠሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የት ነው? አርሲ ውስጥ! ኃይሌ ገብረሥላሴ በተወለደባት ከተማ! ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያበቀለችው በቆጂ እዚሁ ከኛ በስተደቡብ ናት። የሯጭ አገር ሰው ዝም ብሎ ሰዓት ያያል እንጂ ምን ያጨቃጭቀዋል ትላላችሁ። ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ለዚያች ቅንጣት እንኳ መሣሪያ ተገኝቶላታል። ይህ ግን እኛን አላዳነንም። አንድ የበቆጂ ሰው መካከላችን ከተቀመጠ አበቃ።

«ፓሪስ ላይ በ95 ቀነኒሳ ቀድሞታል» ይላል።

«ኃይሌ ያን ጊዜ ስንት ዓመት ሮጦ ነበር?» ይላል የአሰላው።

«አሥር ሺ፣ 26 ደቂቃ ከ17!»

«ማራቶን፣ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59! የዓለም ክብረ ወሰን!»

«ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ገብቷል።»

«በየትኛው ጫማ?»

አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ጫማ ሶል ነው። ከኋላ ደግሞ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁሉን ሲሰሙ ቆይተው «ኳሱንም ቢሆን ኃይሌን ምረጡ፤ ኳስ ይዞ ቢሮጥ ማን ይደርስበት ነበር?» ይላሉ። በየማታው ይላሉ። በየማታው አንድ የሚስቅላቸው አዲስ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ አይተዉም።

እንዲህ ደማችንን የምናፈላለት ቡድን ደግሞ የደረሰበትን እዩ። በ2014 ስታዲየማችሁ ደረጃውን አያሟላም ተብሎ ከተዘጋብን በኋላ «በሜዳችን» የሚባለው ጨዋታ ከአገር ውጭ ሆነ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ነው። ስንዘል ስንጨፍር ቆይተን ወጣቶቹ ወደ አባቶች ዞረው «እኛም ግብፅን ረታን፤ በቃ ተስተካከልን» አሉ። ያ «አባቴ ነበሩ፤ ያው ነው» ያሉን ጋሼ ቀስ ብለው ሻያቸውን አስቀመጡና «በኛ ጊዜ ግን ጨዋታው ሲያልቅ ሰዉ በእግሩ ወደ ቤቱ ነው የገባው» አሉ። ያን ማታ የሚመልስላቸው አልተገኘም። ለአንድ ማታ ብቻ።

ሰሞኑን ደግሞ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዝርዝሩ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ተጽፎ፣ ስምንቱ አጥቂዎች ወደ ስድስት ወርደው፣ ጊላሚካኤል ከብዙ ልመና በኋላ በረኛ ሆኖ፣ የጊዮርጊሱና የቡናው ሰው እየተገላመጡም ቢሆን ፈርመው፣ ኮታችንን ለባብሰን ቆመን ነበር። ያቺ ቆርኪ ጠራጊ አስተናጋጅ ብርጭቆ እየሰበሰበች ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየችና «ሎዛ አበራስ?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ዱራሜ ተወልዳ፣ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ያገባችውን ሎዛን እስከዛሬ አንዳችንም አላነሣናትም። «የሴትና የወንድ አንድ ላይ ይመረጣል እንዴ?» አለ አንዱ። «ጎል ጎል ነው» አለች፤ ብርጭቆዎቹን ይዛ እየሄደች። አንዱ ሎዛ ትግባ አለ። ሌላው ማን ይውጣላት አለ። ሦስተኛው «ለሉሲዎቹ የራሳቸው ምርጥ አሥራ አንድ ይውጣላቸው» አለ። ኮታችንን አውልቀን ተቀመጥን። ማክሰኞ ማታ ተቀጥሯል፤ መግቢያ በነጻ ነው፣ ሻይ ግን ግዴታ ነው ተብሏል። የምትመጡ ካላችሁ አደራ፣ አንድ በረኛ አስባችሁ ኑ፤ አጥቂ ሞልቷል።